የፈታ እጅ ያስራል

በዓባይ በረሃ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ረፋድ ላይ፤ የኬላው ሹም ባላምባራስ አሻግሬ የመሻገሪያውን አፍ ዘግቶ ቆሟል፤ ከደሪጣ የመጣችው ነጋዴ እመት ሩቂያ ሦስት የተጫኑ አህዮች አስከትላ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ደርሶ የሚባለው ወጣት ዘበኛ ጠመንጃ ይዞ ከሹሙ ጎን ነው፤ ከኋላዋ ጨው የተሸከሙ መንገደኞች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል።

አሻግሬ፦ አይሆንም ብያለሁ፣ አይሆንም! በሴት ስም የነጋዴ ጓዝ፣ ቅፍለት፣ ዓባይን አይሻገርም። ባል ካለሽ ባልሽ ይምጣና ከእኔ ጋር ይነጋገር።

ሩቂያ፦ ባሌን ለማምጣትማ መቆፈር ሊኖርብዎ ነው፣ ባላምባራስ። ያውና፣ ከዚያ ከግራሩ ሥር ነው ያለው።

አሻግሬ፦ ምን አልሽ?

ሩቂያ፦ እንድሪስ ነው ባሌ። የደሪጣው እንድሪስ። ዐምና «ነገ ታልፋለህ፣ ነገ ታልፋለህ» እያሉ እዚህ ቆላ ያስቀመጡት። ነገ ሳይመጣ ወባ መጣ።

አሻግሬ፦ አሃ! ያ ክርክር የሚወደው ሰውዬ! አንቺ ነሽ ሚስቱ? ድንቄም ገጠማችሁ። ታዲያ ወባውን እኔ ላክሁት? የእግዜር ሥራ ነው።

ሩቂያ፦ ወባውን እግዜር ላከ እንበል። ኬላውን ማን ዘጋው?

አሻግሬ፦ ሥርዓት ዘጋው! ሕግ!

ሩቂያ፦ ያቺን ከሾላው ሥር የቆመችውን ዳማ በቅሎ ያሰራትስ? እሱም ሕግ ነው?

አሻግሬ፦ የቷን?

ሩቂያ፦ እርስዎ የሚቀመጡባትን። እንድሪስ ሲገዛት ገና ኮርቻ አታውቅም ነበር። በእጄ ገብስ አብልቼ ያለመድኳት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን አቆመች።

አሻግሬ፦ በቅሎ ጆሮዋን ለዝንብም ታቆማለች። ባለቤቱ የሞተ ከብት ለኬላው ነው።

ሩቂያ፦ ባለቤቱን ያስሞተውስ ለማን ነው?

አሻግሬ፦ አፍሽን ያዢ! አንቺ ሴትዮ፣ የመጣሽው ልትሻገሪ ነው ልትካሰሺ?

ሩቂያ፦ ልሻገር። ሰማዩን ቀና ብለው ይዩት እስቲ። ደመናው ደጋው ላይ ተኝቷል። ዛሬ ካልተሻገርን ዓባይ ይሞላል። ከሞላ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እዚህ ቆላ ከርመን አንድ በአንድ ከግራሩ ሥር መደርደራችን ነው። ሰዎቼን ለወባ አልገብርም፣ ባላምባራስ። የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

አሻግሬ፦ ታዲያ ጉዳይ ያለው ሰው ይለምናል እንጂ ይሳደባል?

ሩቂያ፦ ጎህ ሲቀድ ጀምሬ ስለምን አይደል የዋልኩት? «ማኅተም አምጪ» አሉኝ፣ አመጣሁ። «ማኅተሙ ደብዝዟል» አሉኝ። አሁን ደግሞ ሴትነቴ ታየዎ። አህያ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ያለችው እኮ መበላት አምሯት አይደለም።

አሻግሬ፦ ጅብ አልሽኝ?

ሩቂያ፦ እኔ አህያዋን ነው ያነሣሁት። ጅቡን የጠሩት እርስዎ ነዎት።

አሻግሬ፦ ደርሶ! ምን ያስገለፍጥሃል? ጠመንጃህን ያዝ!

ሩቂያ፦ ልጁን ምን አደረገዎት? ስምዎ ራሱ ያስቃል እኮ። አሻግሬ ተብሎ ስም! መሻገሪያ አፍ ላይ ተገትሮ ሰው ማስቀረት ደግሞ ሥራ!

አሻግሬ፦ ስሜን አትንኪ! እናቴ ናት ያወጣችልኝ። በአንድ ክፉ ዘመን ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ይህንኑ ዓባይን ስትሻገር፣ ውሃው አንገቷ ደርሶ፣ እዚያው ውሃው መሐል ያወጣችው ስም ነው።

ሩቂያ፦ ያን ጊዜ ኬላ አልነበረማ።

አሻግሬ፦ እናንተ ነጋዴዎች... ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የተባለው ለእናንተ ነው። የሰው አገር ስታካልሉ፣ የሰው ወሬ ስታመላልሱ፣ አንድ ቀን እርፍ ሳትጨብጡ...

ሩቂያ፦ ዓባይም ግንዱን ይዞ ባይዞር ግብጽ ምን ይጠጣ ነበር?

አሻግሬ፦ ለሁሉም መልስ አለሽ! ይልቅ ቅፍለቱ የታለ? ሦስት አህያ ነው ቅፍለት የምትዪው?

ሩቂያ፦ ማታ አፋፉ ላይ ከዋርካው ሥር ነበሩ፤ በቅሎውም፣ አህያውም፣ ሰዉም። እኔ ደጅ ልጠና ቀደምኩ።

አሻግሬ፦ እዚያው ይጎለቱ። ሳልፈቅድ የት ይሄዳሉ? ከላይ ገደል፣ ከታች አዞ። ዓባይ ከዚህች ከእኔ በር በቀር በር የለውም።

ሩቂያ፦ እንዲያ ነው የሚባለው።

አሻግሬ፦ እንዲያ ነው! ታውቂያለሽ፣ ይህች በር የዓለም አንገት ናት። ሐሩ በዚህ ያልፋል፣ ጨርቁ በዚህ ያልፋል፣ የዝሆኑ ጥርስ በዚህ ይመለሳል። መስታወት የሚሉትን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ነው፤ ከአንድ ነጋዴ ጓዝ ውስጥ ወንድሜ ብቅ ያለ መስሎኝ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ሩቂያ፦ ምን መለሰልዎ?

አሻግሬ፦ አታሹፊ! አንገቱን የያዘ አካሉን ያዘ፤ ይህን ልልሽ ነው። እኔ ስጨብጥ ጎንደርም ምጽዋም ይታነቃሉ።

ሩቂያ፦ እንድሪስም ታንቆ ነበር።

አሻግሬ፦ አሁንም እንድሪስ! ... ይሄ የጫንሽው ምንድን ነው?

ሩቂያ፦ ጨሌ።

አሻግሬ፦ ጨሌ?

ሩቂያ፦ የብርጭቆ ፍሬ፣ ለሙሽራ አንገት። ቀይም አለው፣ ሰማያዊም አለው።

አሻግሬ፦ የአንገት ጌጥ ነው አህያውን እንዲህ ያጎበጠው? ባሩድ ነው!

ሩቂያ፦ ወላሂ ጨሌ ነው። ብቻ፣ ባላምባራስ፣ ይህን የፊተኛውን አቁማዳ አይፍቱብኝ። ክር አልገባለትም፤ ልቅ ነው። ከተፈታ...

አሻግሬ፦ ኧኸ! «አይፍቱብኝ» መጣች! ነጋዴ «እዚህ የለም» ካለ እዚያው ነው።

ሩቂያ፦ ሌሎቹን ይፈትሹ፤ የኋለኛውን ይፍቱ። ይህን ግን ስለ እንድሪስ አፅም ይተዉልኝ።

አሻግሬ፦ እንዲያውም መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው! አውርደው፣ ደርሶ!

ሩቂያ፦ የኬላውን ወግ ግን ያውቁታል?

አሻግሬ፦ የምን ወግ?

ሩቂያ፦ የፈታ እጅ ያስራል።

አሻግሬ፦ ለእኔ ነው ወግ የምታስተምሪው? «የፈታ እጅ ያስራል፤ አንድ ፍሬ ሳያጎድል ያስራል፤ ሳያስር የተነሣ ሌባ ነው!» ይህን በነጋሪት ያስነገርኩት እኔ ነኝ። ኬላው ይሰርቃል እያላችሁ በየገበያው ስሜን ስታነሡ ጊዜ። እናንተ ጨው ተሸካሚዎች፣ ስሙ! በገዛ እጄ ፈትቼ በገዛ እጄ አስሬ ካልመለስኩላት ሚካኤል ይቁረጠኝ!

ሩቂያ፦ ሰማችሁ፣ ወንድሞቼ? እንግዲህ ምስክሮቼ ናችሁ። ባላምባራስ፣ ቀስ ብለው፣ ጠፍሩን ከላይ በኩል...

አሻግሬ፦ ዞር በይ! ጠፍር መፍታት የምታሳዪኝ አንቺ ነሽ?

ሩቂያ፦ ኧረ በጩቤ አይደለም! በጩቤ ከነኩት...

አሻግሬ፦ ኧረ! ኧረ ኧረ ኧረ! ያዘው! ደርሶ፣ አፉን ያዘው!

ሩቂያ፦ የአቁማዳ አፍ እንደ ሰው አፍ ነው። አንዴ ካመለጠው አመለጠው።

አሻግሬ፦ ወደ ቁልቁለቱ ነጎደ! ጋሻህን አጋድምበት! በእግርህ አይደለም፣ አንተ ደንቆሮ፤ ትፈጨዋለህ!

ሩቂያ፦ ያ ሰማያዊው ከድንጋዩ ሥር ገባ። ያም ሌላው። ያንን ደግሞ ጉንዳን ሳይወስደው ይድረሱበት።

አሻግሬ፦ ጨሌ ነው እኮ!

ሩቂያ፦ ጨሌ ነው አላልኩም?

አሻግሬ፦ እንደ ጤፍ ነው የሚፈሰው! ይህን ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል?

ሩቂያ፦ የፈታ እጅ።

አሻግሬ፦ እሺ! እሺ አልኩ! ሁላችሁም ኑ፣ ተንበርከኩ! ደርሶ፣ ከታች ቋጥኙ ላይ ሆነው ወንዙን የሚጠብቁትንም ጥራቸው!

ሩቂያ፦ ኧረ እነሱን ይተዉአቸው፤ ለምን ይድከሙ? ወንዙንስ ማን ይጠብቃል?

አሻግሬ፦ ወንዝ ተነሥቶ የት ይሄዳል? ጥራቸው ብዬሃለሁ፤ አንድም እንዳይቀር!

ሩቂያ፦ እንግዲህ እንዳሉ። ሹም እርስዎ ነዎት።

አሻግሬ፦ ኡፍ፣ ወገቤ! አንቺ ቆመሽ ትመለከቺናለሽ? ጎንበስ ብለሽ ልቀሚ እንጂ!

ሩቂያ፦ እኔ አልፈታሁም።

አሻግሬ፦ ይህቺ ጨሌ ናት እንግዲህ ባሕር አቋርጣ መጣች የምትባለው? ይህቺ የዝንብ ዓይን?

ሩቂያ፦ አይናቋት። ውሃ ላይ የተሠራ ከተማ አለ ይላሉ፣ ጎዳናው ሁሉ በታንኳ የሚኬድ። እዚያ አንድ ሰው እሳት ፊት ቆሞ ብርጭቆውን እንደ ማር እየሳበ ይህችን ይቆርጣታል። በመርከብ ትጫናለች፣ ከመርከብ ወደ ግመል፣ ከግመል ወደ በቅሎ፤ ምጽዋ፣ ጎንደር፣ ደሪጣ እያለች ይኸው እርስዎ ጉልበት ሥር ደረሰች። ዓባይን ብትሻገር እናርያ ነው የምትውለው፣ አንዲት ሙሽራ አንገት ላይ። የሙሽራዪቱ አባት ለእሷ ብሎ የሚሰጠኝ ቡን ደግሞ በመጣችበት መንገድ ተመልሶ ይሄዳል። ያ እሳት ፊት የሚቆመው ሰውዬ ማለዳ እንቅልፉን የሚያባርረው በዚያው ቡን ነው ይሉኛል። እሱ ሙሽራዋን አያውቃት፣ እሷም አታውቀው። አንዱ ላንዱ ሲደክም እንደሚውልም አያውቁ።

አሻግሬ፦ እና እኔ ከዚህ ውስጥ የት ነኝ?

ሩቂያ፦ መሐላቸው። እኔ እሄዳለሁ፣ እርስዎ ይቆማሉ።

አሻግሬ፦ እኔ ባልቆም ሽፍታ ይበላሽ ነበር!

ሩቂያ፦ ሽፍታስ በልቶ ይጠግባል። ሲጠግብም ይሄዳል።

አሻግሬ፦ ቀረጥ ማስከፈል የነበረብኝ ለዚህ ምላስሽ ነው። ደርሶ፣ ያንን ቀዩን! ከእግርህ ሥር፣ ዕውር!

ሩቂያ፦ ድሮ መርከቦቹ ዓለምን ዞረው ነበር አሉ የሚመጡት። አሁን ግብጽ ላይ አሸዋው ተቆፍሮ ባሕር ከባሕር ገጠመ። በዚያ በዙሪያው መንገድ ላይ መርከበኛ እየጠበቁ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ወጥተው ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ሸራ የሚባል የለም።

አሻግሬ፦ ከዚያስ? ምን ሆኑ?

ሩቂያ፦ ምን ይሆናሉ? ዓሣ ማጥመድ ተማሩ።

አሻግሬ፦ ሃ! አንቺም ዓባይን ልትቆፍሪ ነዋ?

ሩቂያ፦ ዓባይ አይቆፈርም። ግን እሱም እንደ ማንኛውም ጎበዝ አንድ የሚዝልበት ቦታ አያጣም።

አሻግሬ፦ የለውም። እዚህ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሩቂያ፦ እርስዎ የኖሩት በሩ ላይ ተቀምጠው ነው። እንድሪስ ግን መቀመጥ አይችልም ነበር። ሰው አግተው ሥራ ሲያስፈቱት ምን ያደርጋል? ወንዝ ለወንዝ ይዞራል። ጉማሬ ሲገባ ጉማሬ ሲወጣ እያየ ይውላል።

አሻግሬ፦ ጉማሬ ማየትም ሥራ ሆነና ልትነግሪኝ ነው! በሉ ቶሎ ቶሎ በሉ፤ ጥቂት ነው የቀረን። ይህን እንደጨረስኩ ሁለቱን አቁማዶች ፈትቼ...

ሩቂያ፦ እነሱም ጨሌ ናቸው።

አሻግሬ፦ ይቅሩ! ይቅሩ፤ አምኜሻለሁ።

ሩቂያ፦ ምነው ጠዋት ባመኑኝ።

አሻግሬ፦ ቆይ። ያ ጭስ ምንድን ነው?

ሩቂያ፦ የቱ?

አሻግሬ፦ ከዓባይ ማዶ። ከአፋፉ ዝቅ ብሎ። እዚያ እኮ ሰው አይደርስም።

ሩቂያ፦ ምሳ ነው።

አሻግሬ፦ የማን ምሳ?

ሩቂያ፦ የሰዎቼ። «ስትሻገሩ እሳት አንድዱ፣ አይቼ ልረፍ» ብያቸው ነበር።

አሻግሬ፦ ትቀልጃለሽ።

ሩቂያ፦ እንድሪስ ተኝቶ በሚሰማኝ ቦታ አልቀልድም። ጉማሬ መሐል ወንዙ ላይ ቆሞ ጀርባው ካልራሰ፣ በቅሎም እዚያ ትቆማለች። እንድሪስ ያየው ይህን ነው። እየተንቀጠቀጠ ለጓደኞቹ ነገራቸው፣ ጓደኞቹ ለእኔ። ባያግቱት ኖሮ ባላየው ነበር። መንገዱን ያገኙልን እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

አሻግሬ፦ አዞውስ? አዞው እንዴት ዝም አላቸው?

ሩቂያ፦ አዞውማ ኬላው ላይ ተንበርክኮ ጨሌ ይለቅም ነበር።

አሻግሬ፦ ተነሡ! ደርሶ፣ ጠመንጃ! ሁላችሁም ወደ ታች!

ሩቂያ፦ ይቀመጡ እንጂ። አቁማዳው አፉን እንደከፈተ? «ሳያስር የተነሣ ሌባ ነው።» የነጋሪቱን ቃል ነው የምነግርዎ።

አሻግሬ፦ ገደል ግቢ አንቺም ነጋሪቱም!

ሩቂያ፦ ደግሞስ ደርሰው ምን ሊያደርጉ? ማዶው የሌላ ጌታ አገር ነው። ጥይት ከተሻገረ ነገር ይሻገራል፤ ያን ጊዜ ጌታዎ የሚጠይቁት ተኳሹን ነው።

አሻግሬ፦ አታለልሽኝ!

ሩቂያ፦ በምኔ? ጨሌ ነው አልኩ፤ ጨሌ ሆነ። አይፍቱ አልኩ፤ ፈቱ። የቋጥኙን ጠባቂዎች አይጥሩ አልኩ፤ ጠሩ። እንደ እኔ እውነት ብቻ ሲነግርዎ የዋለ ነጋዴ ገጥሞዎት ያውቃል?

አሻግሬ፦ የቆጡን አወርድ ብዬ...

ሩቂያ፦ የብብትዎን ጣሉ።

አሻግሬ፦ እመት ሩቂያ...

ሩቂያ፦ እመት! ጠዋት «አንቺ ሴትዮ» ነበርኩ። ጨሌ መልቀም ለካ ጨዋ ያደርጋል።

አሻግሬ፦ እመት ሩቂያ፣ ይስሙኝ። ሲመለሱ በዚህ ይምጡ። በሩን ወለል አድርጌ እጠብቅዎታለሁ። ማኅተም አልልም፣ ባል አልልም። በዚያ በታች በኩል የሚባለውን ነገር ግን ለሰው አይንገሩት።

ሩቂያ፦ እኔ ምን እነግራለሁ? አንዴ የተረገጠ ሣር ራሱ ይናገራል። ዞር ብለህ እይ እስቲ።

አሻግሬ፦ «ብለህ»? አንተ አልሽኝ?

ሩቂያ፦ ዞር በል፣ አሻግሬ።

አሻግሬ፦ ጨው ተሸካሚዎቹ... የት ሄዱ?

ሩቂያ፦ ጭሱን ያየኸው አንተ ብቻ አይደለህም። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል። እነሱ ደግሞ የጨው ሰዎች ናቸው።

አሻግሬ፦ ከሄዱማ ምስክር የለሽም! አሁን ብነሣ ማን ሌባ ይለኛል?

ሩቂያ፦ እነሱ ሄዱ። የማልክበት ሚካኤልስ ሄደ?

አሻግሬ፦ ... ጠፍሩን አቀብለኝ፣ ደርሶ። ያኛውን። የተቆረጠውን ቀጥለው። ... ይኸው። ያችንም አንዷን፣ አዎ፣ ጨምራት። ይኸው አሰርኩ። በገዛ እጄ።

ሩቂያ፦ ደግ አድርገህ አሰርከው። እጅህ ለሥራ ይሆናል።

አሻግሬ፦ ይህንኑ እጄን ነው ጌታዬ የሚያስቆርጠኝ። «ቅፍለት ሙሉ ከታች ሲያልፍ አንተ ምን ትሠራ ነበር?» ሲለኝ ምን እላለሁ? ተንበርክኬ ጨሌ ስለቅም? እመት፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢሉልኝ። «አዲሱን መሻገሪያ ያሳየን አሻግሬ ነው፤ ያሻገረንም እሱ ነው» ቢሉልኝ... ኬላውን ወደዚያ አዙሬ ሳይሆን፣ እንዲያው ጠባቂ ሆኜ፣ ነፍሴን ብቻ ይዤ...

ሩቂያ፦ እሱ ውሸትም አይደል። አሻግረኸናል። እናትህ ውሃው መሐል ያወጣችልህ ስም ዛሬ ገና ደረሰህ።

አሻግሬ፦ ይሉልኛል?

ሩቂያ፦ እልልሃለሁ። ብቻ ያ ነጋሪትህ የለፈፈው ወግ ግማሹ ቀርቶታል።

አሻግሬ፦ የምን ግማሽ?

ሩቂያ፦ የፈታ እጅ ያስራል አልክ። ፈታህ፣ አሰርክ። ያሰረ እጅስ? ተነሥ፣ አሻግሬ፤ በቅሎዬን ፍታ።